ለድኃ ባለጉዳይ ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ የሕግ ርዳታ

ሕግ ለሀብታሙም ለድኃውም አንድ ነው ይባላል። ሕጉን የሚያስረዳው ሰው በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ግን የድኃው መብት በወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀራል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ድኃው ባለጋራውን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመውና ወደ ዳኛ ይወስደው ነበር። ዛሬ ግን ክስ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልስም በተወሰነ ቀን ይጠየቃል፤ ቀኑን ያሳለፈ ሰው እውነት ይዞ ሊረታ ይችላል።

የዚህን ርዳታ አሠራር ለመረዳት በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ያለውን ዋንዴገያን መመልከት ይጠቅማል። ዋንዴገያ በማኬሬሬ ኮረብታ ግርጌ ያለ የገበያ ሰፈር ነው። በአጠገቡም፥ በማኬሬሬና በሙላጎ መካከል ባለው ሸለቆ፥ ካታንጋ የሚባል የድኾች መንደር ይገኛል። ስለዚህ ሸለቆ መሬት ዩኒቨርሲቲውና ባለርስት ነን የሚሉ ቤተ ሰቦች ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ የክርክሩ ፍጻሜ ጎጆውን የሚነካ ሲሆን፥ ጠበቃ ለመቅጠር የሚበቃ ገንዘብ የለውም።

የኡጋንዳ ሕግ ለድኃው የሰጠው መብት በአጭሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ. በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ያዝዛል። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰውም ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

2ኛ. ሕገ መንግሥቱ ከመጽናቱ በፊት 12 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ባለርስቱ ሳይቃወመው በተመዘገበ መሬት ላይ የኖረ ሰው፥ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የመሬት ሕግ ጥበቃ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያም የመሬት ግብር ለባለርስቱ ባለመክፈሉ ምክንያት፥ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር አይነቀልም።

እንግዲህ የቤትና የመሬት ነገር የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በመንግሥት ወጪ የሚቆመው ጠበቃ ለዚህ አይደርስም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የሴቶች ጠበቆች ማኅበር በ1974 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የኡጋንዳ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በ1992 እ.ኤ.አ. የነጻ ርዳታ ሥራ ጀመረ። በማኬሬሬ ኮረብታም የሕግ ተማሪዎች በዐዋቂ ጠበቆች እየተመሩ ድኾችን ይረዳሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በየዓመቱ 40 ሰዓት ለድኾች እንዲያገለግል፥ ወይም በፈንታው ገንዘብ እንዲከፍል አዝዟል።

በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20፥ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን፥ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደንግጓል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብም በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት እንዲያገለግሉ አዝዞ ነበር።

ስለዚህ ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ የሚከተለውን ያስብ። መጥሪያ በደረሰው ቀን ርዳታ ይጠይቅ እንጂ እስከ ቀጠሮው ዋዜማ አይቆይ። የኪራይና የግብር ደረሰኝ፥ ውልና ደብዳቤ ሁሉ ሰብስቦ ይያዝ፤ ምስክሮቹንም ይቁጠር። ባላነበበው ወይም ባልተነበበለት ወረቀት ላይ አይፈርም፤ ጣቱንም አያትም። ከሁሉም በላይ ርዳታ መጠየቅን እንደ ልመና አይቍጠረው፤ ሕግ የሰጠውን የሚጠይቅ ሰው ምጽዋት አልለመነምና።