የአሮጌዋ ፒካፕ መብራት ለምን ደበዘዘ?

የኦምን ሕግ ሳይማር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚያጠናቅቅ ተማሪ የለም። ቮልቴጅ ማለት የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥሮቹን ያስገባል፤ ማርኩን ይወስዳል። በፈተናው ሥዕል ላይ ግን ባትሪውንና አምፑሉን የሚያገናኘው ሽቦ ምንጊዜም ሬዚስታንስ የሌለው ቀጭን መስመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ቀጭን መስመር ሠላሳና አርባ ዓመት በሠራ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው።

ለጽሑፉ ምክንያት የሆነችን አንዲት ፔጆ 404 ፒካፕ ናት። ባለቤትዋ እህል ከገጠር ወደ ከተማ የሚያመላልሱ አዛውንት ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጓዙት በሌሊት ነው። የፊት መብራቶቹ በመደብዘዛቸው ምክንያት በአንድ ሌሊት መንገድ ያቋርጥ የነበረ በሬ ያዩት ከአፍንጫቸው ሥር ሲደርስ እንደነበር አጫወቱን። መፍትሔ ብለው መጀመሪያ አምፑሎቹን አስለወጡ፤ ቀጥሎም የመብራቱን ቤት ጭምር አስቀይረው ኤች4 የሚባለውን ባለ 60 ዋት ሃሎጅን አስገጠሙ። መብራቱ ለጥቂት ቀናት የተሻለ መሰላቸው፤ ከዚያ በኋላ ክሩስኮቱ አካባቢ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ መጣ። «ዶክተር፣ ባትሪው ደህና ነው፣ አምፑሉም አዲስ ነው፤ ታዲያ ብርሃኑ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ከብዙ የፈተና ጥያቄዎች የተሻለ ሆኖ አገኘነው።

ከእኛ በፊት አንድ ባለሙያ መስመሩን ፈትሾት ነበር። አምፑሉን ነቅሎ በሶኬቱ ላይ ቴስተር ሲያደርግ የባትሪው ቮልቴጅ ሙሉ በሙሉ ስለታየው «ሽቦው ጤነኛ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ቴስተር የሚስበው ከረንት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከረንት ከሌለ ደግሞ ሬዚስታንሱ የቱንም ያህል ቢሆን የሚባክን ቮልቴጅ የለም። ከብዙ ክሮቹ መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ በዚህ ዓይነት ፈተና ያልፋል። ስለዚህ የመኪና ሽቦ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ፣ አምፑሉ በርቶ ነው።

ሞተሩን አስነሥተን፣ ረጅሙን መብራት አብርተን ስንለካ በባትሪው ጫፎች 13.8 ቮልት፣ በአምፑሉ ጫፎች ግን 11.4 ቮልት አገኘን። 2.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከአንድ መጋጠሚያ በፊት፣ ሌላውን ከመጋጠሚያው በኋላ እያደረግን መስመሩን ተከተልን። በመብራት ማብሪያው ላይ ብቻ 0.8 ቮልት ጠፋ። መብራቱ ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰርበት ዝገት በበላው ብሎን ላይ 0.6 ቮልት፣ በተለያዩ መጋጠሚያዎች ተደማምሮ 0.3 ቮልት፤ የቀረው 0.7 ቮልት በራሱ በሽቦው ላይ ነበር።

የሽቦው ድርሻ በስሌትም ይገኛል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የመብራቱ ከረንት ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ ማብሪያ ይገባና ተመልሶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዚህች ፒካፕ ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል፣ የሽቦው ወርድ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ 1.7 ሲባዛ በ10 ሲነሣ ወደ −8 ኦም ሜትር ስለሆነ የሽቦው ሬዚስታንስ 0.068 ኦም ይሆናል። ሁለቱ አምፑሎች በአንድነት 10 አምፔር ያህል ሲስቡ 0.7 ቮልት ይወጣል፤ ከለካነው ጋር ይገጥማል። (ተማሪዎች ስሌትና ልኬት ሲገጥሙ የሚያሳዩትን ፈገግታ ከመምህርነት ደመወዝ ጋር ደምረን እንቆጥረዋለን።)

2.4 ቮልት ብዙ አይመስልም፤ ከመቶ 17 ያህል ነው። ይሁንና ክር እየጋለ የሚያበራ አምፑል የብርሃን መጠን ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ አይመጣጠንም። የክሩ ሙቀት በጥቂቱ ሲወርድ ለዓይን የሚታየው ብርሃን በብዙ ይቀንሳል። በተግባር ብርሃኑ ከቮልቴጁ 3.4ኛ ኃይል ጋር በግምት ይመጣጠናል። 11.4ን ለ13.8 አካፍለን በ3.4 ኃይል ስናነሣው 0.52 እናገኛለን። አዛውንቱ የጠየቁን ብርሃን ግማሹ ማለት ይቻላል በሽቦ፣ በማብሪያና በዝገት ላይ ቀርቷል።

የፕላስቲኩ ሽታ ምሥጢርም ከዚሁ ይገኛል። በማብሪያው ውስጥ 0.8 ቮልት በ10 አምፔር ሲባዛ 8 ዋት ሙቀት ነው። ከአውራ ጣት በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ፣ አየር በማይገባበት ሥፍራ፣ 8 ዋት ትንሽ አይደለም። መጋጠሚያው ሲግል ይዝጋል፤ ሲዝግ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ሲጨምር የበለጠ ይግላል። የቀድሞዎቹ አምፑሎች ባለ 45 ዋት ስለነበሩ ማብሪያው የተሠራው ለ7.5 አምፔር ነበር። አዲሶቹ አምፑሎች ከረንቱን በሦስት አንድ እጅ ሲጨምሩ፣ ሙቀቱ ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ወደ 1.8 እጥፍ አደገ። አምፑል ማሳደግ ሽቦን ሳያሳድጉ ከሆነ ጥገናው ራሱ ብልሽት ይሆናል።

የመኪና አምራቾችም በዚሁ የካሬ ሕግ ተገፍተዋል። የፎርድ ፒካፖች እስከ እ.ኤ.አ. 1955 ሞዴል ድረስ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ በ1956 ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ። ያው 90 ዋት በ6 ቮልት 15 አምፔር፣ በ12 ቮልት 7.5 አምፔር ይጠይቃል፤ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት የሚጠቀሙትም ለዚሁ ነው።

የእኛን ፒካፕ ቮልቴጅ መለወጥ አላስፈለገንም፤ የከረንቱን መንገድ መለወጥ በቂ ነበር። መሣሪያው ሪሌ ነው። የሪሌው ጥቅል ሽቦ የሚስበው 0.15 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ አሮጌው ማብሪያ ከእንግዲህ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ይሆናል። ዋናው 10 አምፔር ግን ከባትሪው በፊውዝ አልፎ፣ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ 2 ሜትር ብቻ ተጉዞ መብራቱ ዘንድ ይደርሳል። የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ 0.0085 ኦም ነው፤ የሚባክነውም ከ0.1 ቮልት በታች። ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት አንዳንድ ሪሌ ገጠምን፤ የመብራቶቹንም የመመለሻ ሽቦ ከዝገቱ ብሎን አላቅቀን፣ ብረቱን እስኪያበራ ፍቀን፣ በአዲስ ሽቦ አሰርነው።

የሚያስፈራውን ያገኘነው የፊውዙን ሳጥን ስንከፍት ነበር። በዚያ ዘመን በተሠሩ መኪኖች ፊውዞች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹም አንዱ በሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ ተጠቅልሎ ተገኘ። ብዙ ሰው ፊውዝ መሣሪያውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ይህን በስሌት እንየው። ያ 6 ሜትር ሽቦ ልባሱ ተልጦ ጫፉ ላይ ከመኪናው አካል ጋር ተነካ እንበል። የባትሪውን የውስጥ ሬዚስታንስ 0.015 ኦም ብንወስድ ከረንቱ 12.6 ለ0.083 ሲካፈል፣ 150 አምፔር ያህል ነው። በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ1500 ዋት ይበልጣል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ግማሽ ያህሉ በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ማለት ነው። የሽቦው መዳብ 80 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 31 ጁል ይበቃዋል። ስለዚህ ሙቀቱ በየሰከንዱ ወደ 50 ዲግሪ ይጨምራል። በሦስት ሰከንድ ልባሱ መቅለጥ ይጀምራል፤ አጠገቡ ያሉትን ሽቦዎች ልባስም ያቀልጣል። ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ቢኖር ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠው ነበር። ፊውዙ በተቻለ መጠን ባትሪው አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቅ ሌላ ነገር የለምና።

የተቀረውን ሽቦ ስናጠፈው ልባሱ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጠቀ። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም በሞተሩ ሙቀት ለዓመታት ሲተን ልባሱ ይደርቃል። ይህን በናስትሮ መጠቅለል ድካም ብቻ ስለሆነ መስመሩን በሙሉ ለወጥነው። ለሥራው ባትሪውን ስንፈታ በቅድሚያ ያላቀቅነው ከአካሉ ጋር የተያያዘውን ኔጋቲቭ ጫፍ ነው፤ ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው መፍቻው ብረት ቢነካበት ያንን ሁሉ አምፔር በመፍቻው ያሳልፋል። መጋጠሚያዎቹን በብየዳ ሳይሆን በተጨማጭ ማያያዣ አደረግናቸው። አንዳንድ የሙያው ሰዎች በዚህ አይስማሙም። ነገር ግን የብየዳው እርሳስ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሽቦውን ድርቅ ስለሚያደርገው በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ከዳር ይበጠሳል የሚል አስተያየት አለን።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። በመጨረሻ ስንለካ በአምፑሉ ጫፎች 13.4 ቮልት ነበር፤ በዚያው የ3.4 ሕግ መሠረት ብርሃኑ ከቀድሞው 1.7 እጥፍ ይሆናል። ማብሪያውን በእጃችን ስንነካው ቀዝቃዛ ነው። አዛውንቱ መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርተው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «አሁን ደግሞ ከፊቴ የሚመጣው ሰው እንዳይሰድበኝ ዝቅ አድርጉልኝ» አሉን። ትክክል ነበሩ፤ የመብራቱን አቅጣጫ አስተካከልን።

አንድ ነገር ለተማሪዎች ትተናል። ፒካፕዋ በጠዋት ብርድ ስትነሣ ሞተሪኖው 200 አምፔር ይስባል እንበል፤ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለው የመዳብ ካቦ 1.2 ሜትር ነው። በካቦው ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ እንዳይባክን ወርዱ ከስንት ካሬ ሚሊሜትር ማነስ የለበትም?