የሠርግ ፎቶ ቪዲዮ፦ ለአንድ ዘፈን ስንት ፎቶ?

ጥያቄ፦ መርሳ (ሐብሩ) ላይ ለሚደረግ ሠርግ ከአልበምና ከስልክ የተሰበሰቡ ፎቶዎችን በአንድ ዘፈን አቀናብሮ በቴሌቪዥን ለማሳየት ስንት ፎቶ ይበቃል? የስልኩ ፎቶስ ግራና ቀኙ ለምን ይጠቁራል?

መልስ፦ ቁጥሩን የሚወስነው የዘፈኑ ርዝመት ነው። 4 ደቂቃ 240 ሰከንድ ነውና፣ እያንዳንዱ ፎቶ 5 ሰከንድ ቢቆይ 48 ይበቃል። ብዙ ሰው የቆመበት የቤተሰብ ፎቶ ግን 7 ወይም 8 ሰከንድ ይገባዋል፤ ተመልካቹ አክስቱን ፈልጎ ሳያገኝ ማለፍ የለበትም። የፎቶዎቹ መቀያየሪያ በቀስታ መደብዘዝ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚሽከረከረውና የሚፈነዳው ዓይን ያደክማል።

ጥቁሩ የሚመጣው ቴሌቪዥኑ 16 በ9 ሆኖ ሳለ ፎቶው ስልኩ ቆሞ ስለተነሣ ነው። አሳድጎ መሙላት ራስ ይቆርጣል፤ የሚሻለው ያንኑ ፎቶ አሳድጎና አደብዝዞ ከሥር ማንጠፍ ነው። ካፕካትም ፕሪሚየርም የተባሉት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ይህን ይሠራሉ። የአልበም ፎቶ ስካነር ከሌለ ከላስቲኩ ወጥቶ፣ ያለ ፍላሽ፣ ጥላ ባለበት የቀን ብርሃን ይነሣል።

ስም በአማርኛ ሲጻፍ ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይመረጥ። ያለቀው ሥራ በ1920 በ1080 መጠን፣ በኤምፒ4 ወጥቶ ከሠርጉ ዋዜማ በፊት በዚያው ቴሌቪዥን ይሞከር።