አምስት በሽታ፣ አንድ ታካሚ

እንደሚታወቀው ሁለት አካላት በስበት ሲሳሳቡ እንቅስቃሴያቸውን በቀመር መተንበይ ይቻላል። ሦስተኛ አካል ሲጨመር ግን ለሁሉም ሁኔታ የሚያገለግል ቀላል ቀመር አይገኝም፤ እያንዳንዱ አካል ሌሎቹን ሁሉ ይነካልና። ብዙ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ያሉበት ሰው በሆስፒታል የሚገጥመው ችግርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ምስያው ፍጹም ነው አንልም፤ ፕላኔት ወረፋ አይጠብቅም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሲንቲያ ቦይድና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አንዲት የ79 ዓመት እናት በሐሳብ ፈጠሩ። እኚህ እናት የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የመገጣጠሚያና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለባቸው። ለእያንዳንዱ በሽታ የወጣው የሕክምና መመሪያ እንዳለ ቢፈጸም 12 ዓይነት መድኃኒት፣ በቀን 19 መጠን፣ በ5 የተለያዩ ሰዓታት መውሰድ ይኖርባቸዋል። የመድኃኒቱ ወጪ በወር 406 ዶላር ነበር። እያንዳንዱ መመሪያ ለብቻው ሲታይ ግን ስሕተት የለበትም።

እስቲ እናስላ። 12ን በ11 አባዝተን ለ2 ስናካፍል 66 ጥንድ መድኃኒት እናገኛለን። አብዛኛው ጥንድ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም አንዱ መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት ጋር ብቻ ሳይሆን ከሌላው በሽታም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘውን ዳይክሎፌናክን እንውሰድ። መድኃኒቱ ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች መመረት ስለሚገታ ሕመሙ ይታገሣል። ነገር ግን እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ ይረዱ ነበር። እነርሱ ሲቀንሱ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የደም ግፊትም ከፍ ሊል ይችላል። የግፊት ክሊኒኩ ስለ ዳይክሎፌናኩ ካልሰማ ግፊቱ የጨመረው በሽታው ስለ ባሰ ይመስለውና ሌላ ክኒን ይጨምራል። 66 የነበረው የጥንዶች ቁጥር 78 ሆነ ማለት ነው።

በክሊኒኮቹ መካከል መልእክተኛው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ታካሚው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ካርል ሜይ፣ ቪክቶር ሞንቶሪና ፍራንሲስ ሜር ሕክምናው ራሱ በታካሚው ላይ የሚጥለው ሸክም ከበሽታው ሸክም ጋር አብሮ ሊታሰብ እንደሚገባ ጽፈዋል። ቀጠሮ፣ ትራንስፖርት፣ በባዶ ሆድ የሚሰጥ የደም ምርመራ፣ በየክፍሉ ተደጋግሞ የሚነገር ያው ታሪክ ሁሉ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም አቅሙ የደከመ ሰው ነው።

አንድ አዛውንት ዘመዳችንን አጅበን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ክሊኒክ ተመላልሰናል። መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘው ነበር። ፌስታሉን ፈትተው እንዲያሳዩ የጠየቃቸው ግን በመጨረሻ ያገኘነው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ብቻ ነው። ባለሙያው ክኒኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ዳይክሎፌናኩን ለየና በወረቀት ማስታወሻ ጽፎ ወደ ግፊት ሐኪማቸው መለሳቸው።