ሰነዱ ሲከለክል ዳታቤዙ ሲያሳልፍ ምን ይደረጋል?

የማይኤስኪዩኤልን የቅርብ ሰነድ ያነበበ ባለሙያ የታካሚ ዕድሜ ከዜሮ በታች እንዳይመዘገብ ሠንጠረዡ ላይ የ«ቼክ» ገደብ ይጽፋል። ትእዛዙ ያለ አንዳች ኤረር ያልፋል። በማግስቱ ዕድሜው −5 የሆነ ታካሚ ተመዝግቦ ይገኛል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ኮዳችሁን ከመበርበራችሁ በፊት ሰርቨሩን መርምሩ።

መጀመሪያ ቨርዥኑን ጠይቁት፤ ትእዛዙ «ሴሌክት ቨርዥን» ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውንና ሆስቲንጉ ላይ ያለውን ለየብቻ ጠይቁ። ማይኤስኪዩኤል ቼክን ማስከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 8.0.16 ወዲህ ነው። ከዚያ የቀደሙት፣ 5.7ም ጭምር፣ ትእዛዙን ተቀብለው ገደቡን ይጥሉታል። መልሱ ላይ «ማሪያዲቢ» የሚል ካያችሁ (ዛምፕ የሚጭነው እሱን ነው) ገደቡ የሚሠራው ከ10.2.1 ጀምሮ ነው።

ከዚያ የዚያኑ ቨርዥን ሰነድ ክፈቱ። የ5.7 ሰነድ ቼክ ችላ እንደሚባል በግልጽ ጽፎታል።

ሙከራውን ግን በፍጹም አትዝለሉ። አንድ አምድ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ፍጠሩ፣ ገደቡን ጻፉ፣ −5 አስገቡ። ማይኤስኪዩኤል ገደቡን የሚያስከብር ከሆነ ኤረር 3819 ይመልሳል። ቁጥሩ ከገባ «ሾው ክሪኤት ቴብል» በሉት፤ በ5.7 የጻፋችሁት ገደብ ጭራሽ የለም። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ የማምነው ይህንን ውጤት ነው። እግረ መንገዳችሁን ኑልም አስገቡ። በአዲሱ ቨርዥንም ያልፋል፤ ይህ ግን የሰርቨሩ ጥፋት አይደለም። በኤስኪዩኤል ደንብ ቼክ የሚከለክለው ውጤቱ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው፤ ኑልን ከዜሮ ጋር ማወዳደር ደግሞ እውነትም ሐሰትም አይሆንም። ባዶ ዕድሜ ካልፈለጋችሁ «ኖት ኑል» ጨምሩ።

ሰርቨሩን ማሳደግ የማይቻል ከሆነ ሁለት ትሪገር ጻፉ፤ አንዱ ከማስገባት በፊት፣ ሌላው ከማሻሻል በፊት የሚነሣ፣ ሁለቱም በ«ሲግናል» ኤስኪዩኤልስቴቱ 45000 የሆነ ኤረር የሚያነሡ። የመጀመሪያውን ብቻ ከጻፋችሁ ትክክል የገባው ዕድሜ በኋላ ሊበላሽ ይችላል።

ካሳደጋችሁም የተጣለው ገደብ በራሱ አይመለስም። በ«ኦልተር ቴብል» እንደገና ጨምሩት። ገደቡን የጣሱ ረድፎች ካሉ ትእዛዙ ስለማያልፍ አስቀድማችሁ ለዩአቸው። በጅምላ አትሰርዟቸው፤ የታካሚው ትክክለኛ ዕድሜ በወረቀት ካርዱ ላይ ሊገኝ ይችላልና ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር አመሳክሩ።