አንዲት «አ» የት ትግባ? በእጅ ስልክ ላይ የከርሰርን ቦታ ስለ መቆጣጠር

በዛሬው ጽሑፌ የማቀርበው ትምህርት ስለ ከርሰር ነው። ከርሰር ማለት በእጅ ስልካችን ስንጽፍ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ቀጥ ያለች መስመር ናት። ሥራዋም የሚቀጥለው ፊደል የሚገባበትን ቦታ ማሳየት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በኔ ስሕተት ግን ሕፃናት በውርጭ ቆመዋል።

መሐል ሜዳ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ በነበርኩበት ጊዜ ለወላጆች መልእክት እንድልክ ታዘዝኩ። በስልኬ «ሰኞ ልጆች ይምጡ» ብዬ ጻፍኩ። ገና ሳልልከው ሰኞ የመምህራን ስብሰባ መሆኑ ተነገረኝና «አይምጡ» ብዬ ላርመው ፈለግሁ። የምትጨመረው እኮ አንዲት «አ» ብቻ ናት! በጣቴ ነካ አደረግሁና ጻፍኩ፤ ሳላነበውም ላክሁት። የደረሳቸው ግን «ሰኞ ልጆቻ ይምጡ» የሚል ነበር። ወላጅ ምን ያድርግ? «ልጆች ለማለት ነው» ብሎ ልጁን ሰደደ። አገሩ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነውና የጥዋቱን ብርድ ለምታውቁት አልነግራችሁም። ልጆቹን በተዘጋው በር ፊት ኩርምት ብለው አገኘኋቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ «ቲቸር፣ ይምጡ ብለው የለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ለመሆኑ ስሕተቱ ከየት መጣ? ከርሰር ፊደል ላይ አትቆምም፤ የምትቆመው በፊደልና በፊደል መካከል ነው። ቦታዋም ከ0 ጀምሮ ይቆጠራል። «ይምጡ» ሦስት ፊደል ነው፤ የከርሰር ቦታው ግን አራት ነው፦ ከ«ይ» በፊት 0፣ ከ«ይ» በኋላ 1፣ ከ«ም» በኋላ 2፣ ከ«ጡ» በኋላ 3። በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። ስለሆነም «ሰኞ ልጆች ይምጡ» በጠቅላላው 10 ነው። «አ» መግባት የነበረባት 7ኛው ቦታ ላይ፣ ልክ ከ«ይ» በፊት ነበር። የኔ ጣት ያቆማት ግን 6 ላይ፣ ከ«ች» ጎን ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይመጣል። በድምፅ በሚጻፍበት የቁልፍ ሰሌዳ «ች» ብለን አናባቢውን ስናስከትል «ቻ» ይሆናል። ሁለት ጊዜ ነካን፤ የወጣው ግን አንድ ፊደል ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰሌዳ ከከርሰር በስተግራ ያለውን ያይና «ች»ን አንሥቶ በ«ቻ» ይተካል። የኔዋ «አ» ብቻዋን መቆም ሲገባት «ች»ን ራብዕ አድርጋ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

መተግበሪያ መሥራት ለምትሞክሩም አንድ ነገር ላክል። ፕሮግራሙ የተጻፈውን አንሥቶ በአዲስ ሲተካ ከርሰሯ ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ መጨረሻው ልትዘል ትችላለች። መድኃኒቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ከእርማቱ በፊት ከከርሰር በስተቀኝ ስንት ፊደል እንዳለ ያዙ፤ ከእርማቱ በኋላ ያንኑ ከአዲሱ ርዝመት ቀንሱ። በምሳሌያችን በስተቀኝ 3 አለ፤ «አ» ስትገባ ርዝመቱ 11 ይሆናል፤ ከ11 ላይ 3 ሲቀነስ 8። ከርሰሯ 8 ላይ፣ ማለትም ከ«አ» ቀጥሎ ትቆማለች። በአንድሮይድ ከርሰሯን እዚያ የሚያቆመው ትእዛዝ ሴትሴሌክሽን ይባላል።

ለሁላችንም የሚጠቅሙት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ጣት ከፊደል ይሰፋል። ስለዚህ ነክቶ ወዲያው ከመጻፍ ይልቅ ከርሰሯ የት እንደቆመች ማየት።

2ኛ. አንድ ፊደል ስታ ከቆመች በጂቦርድ ሰሌዳ የክፍተት ቁልፉ ላይ ጣትን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማንሸራተት፤ በአይፎን ደግሞ ያንኑ ቁልፍ ተጭኖ ትንሽ ቆይቶ ማንሸራተት።

3ኛ. ማጥፊያው የሚያጠፋው ከከርሰር በስተግራ ያለውን ነው። «ይምጣ»ን «ይምጡ» ለማድረግ ከ«ጣ» በኋላ መቆም፣ «ጣ»ን ማጥፋት፣ ከዚያ «ጡ»ን መጻፍ።

4ኛ. እምቢ ካለ ቃሉን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ።

5ኛ. ከመላክ በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። እኔ ይህችን ብቻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ በብርድ ባልተንገላቱ ነበር።

ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ለማስተማር ስልክ አያስፈልግም። ሦስት ልጆች «ይ»፣ «ም»፣ «ጡ» ሆነው ይሰለፉ፤ አራተኛው ልጅ ዱላ ይዞ በየመካከላቸው ይቁም። «አ» የሆነው ልጅ የት ቢገባ ትርጉሙ እንደሚገለበጥ ራሳቸው ያገኙታል።

ወገኖቼ፣ በቋንቋችን «ና» እና «አትምጣ» የሚለያዩት በብዙ ነው፤ «ይምጡ» እና «አይምጡ» ግን የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ያችን ፊደል ከቦታዋ ማስገባት የመምህር ኃላፊነት ነው። በርቱ!