ጁገልን በእግር፦ የመንገድ ሐቅ እና የጎረቤት ሐቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዕረፍት ጊዜ ከአሰላ ተነስተን በአዳማ፣ በአዋሽና በጭሮ በኩል ወደ ሐረር የምንጓዝ ብዙ ነን። አብዛኞቻችን ይዘን የምንመለሰው ፎቶ ነው። ቁርኣን ግን በሱረቱ አር-ሩም 9ኛ አንቀጽ በምድር ላይ ተጉዘው የማያስተውሉትን ይወቅሳል። ጁገልን ስንዞር ምን እናስተውል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሐረር “አራተኛዋ የኢስላም ቅድስት ከተማ” ስትባል እንሰማለን። ይህ በሰዎች አንደበት የተለመደ መጠሪያ እንጂ የሸሪዓ ድንጋጌ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ጉዞ የሚታሰብላቸው ተብለው የተለዩት ሦስት መስጊዶች ናቸው፤ መስጂደል ሐራም፣ መስጂደ ነበዊ እና መስጂደል አቅሷ። የሐረር ክብር ከዒልሟ፣ ከዑለሞቿና ከአኗኗሯ የመጣ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ክብር ነው።

ጁገልን የከበበው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንዳሠሩት ይነገራል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ የሸዋ በር፣ የቡዳ በር፣ የሰንጋ በር፣ የኤረር በር እና የፈላና በር። በዋናው የመኪና መንገድ ገብተን ፈረስ መጋላ ስንደርስ መሀል ከተማው ላይ ነን። ከዚያ የልብስ ሰፊዎች መኪና በሚንጫጫበት በመኪና ግርግር ቁልቁል ወደ ግድር መጋላ ገበያ እንወርዳለን።

ከገበያው ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ስንገባ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ነው። የቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ግቢው ነው፤ አላፊ አግዳሚ የቤተሰቡን ገመና አያይም። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር መቀመጥ ግድ ለሆነበት ሰው የመንገድን ሐቅ ዘርዝረዋል፤ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። እዚህ አጥሩ ራሱ ዓይንን ለመስበር ያግዛል። እኛ ግን ስልካችንን በተከፈተ በር ውስጥ ካነጣጠርን ግንበኛው የጠበቀውን ሐቅ አፈረስን ማለት ነው። ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሳት፣ መንገዱን በቡድን ዘግቶ አለመቆም፣ ለእናቶችና ለአባቶች ሰላምታ ማቅረብ የጉብኝቱ አደብ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ይገልጻል፤ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። የጁገል ስፋት 48 ሄክታር ነው። ቢካፈል ለአንድ መስጊድ የሚደርሰው በአማካይ ከ0.6 ሄክታር ያነሰ ነው፤ ጎኑ 76 ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ማለት ነው። በዚህ ርቀት አንድ ሰው ለፈጅር ሳይመጣ ሲቀር ይታወቃል፤ ታሞ እንደሆነም ይጠየቃል። ሐረሪዎች በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት አፎቻ የሚባል ማኅበርም አላቸው። ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግመው አደራ ከማለታቸው የተነሳ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ከሐዲስ እናውቃለን። በጁገል ያ አደራ በከተማ አሠራር ይታያል።

የምህንድስና ተማሪዎች ከግንቡ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ልብ በሉ፤ “ወራባ ኑዱል” ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስላለች የዝናቡ ውሃ በእነሱ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ጅብ በእነሱ ገብቶ ጥራጊውን ያጸዳል። አጥር ሲሠራ የውሃው መውጫ አብሮ ታስቧል።

ይህ ወደ እኛው ይመልሰናል። አሰላም በጭላሎ ተራራ ሥር ያለች ተዳፋት ከተማ ናት፤ ክረምቷም ከባድ ነው። ከላይ ያለው ሰው የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ታችኛው ግቢ ቢለቅ፣ ወይም በአጥሩ ቦይ ቢዘጋ፣ የጎረቤቱ መሠረት ይሸረሸራል። ሰውን መጉዳት የሚከለክለው የፊቅህ መርህ እዚህ ላይም ይሠራል። ነገ ተመርቀን ፕላን የምንሥለው እኛ ነን፤ “ባለቤቱ እንዲህ ፈለገ” የሚለው መልስ ከአላህ ፊት አያድነንም። ፕላን ላይ ከመፈረማችን በፊት ውሃው በማን ግቢ እንደሚያልፍ፣ መስኮቱ ወደ ማን ቤት እንደሚያይ መጠየቅ የአማና ጉዳይ ነው።

ለሐለቃ ውይይት፦
1. ከመንገድ ሐቆች በግቢያችን በብዛት የሚጣሰው የቱ ነው?
2. በዶርማችን ከጎናችን ካለው ክፍል ስንቱን በስም እናውቃለን? የታመመውንስ ማን ጠየቀው?
3. በምንማረው ሙያ የጎረቤትን ሐቅ የሚነካ ሥራ የትኛው ነው?

አላህ የምናየውን የምናስተውል፣ የምናውቀውን የምንሠራበት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።