በካሴት የሚሠራው ጌም እና አምስቱ ቮልት

በዲፓርትመንታችን ለግል ፕሮጀክት የሚሆን ርዕስ እንድናስመዘግብ በተጠየቅንበት ወቅት ብዙዎቹ ጓደኞቼ ኢንቨርተር፣ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የበር አላርም እያሉ ሲያስመዘግቡ እኔ «በካሴት የሚሠራ የድሮ ጌም መጠገንና ማሻሻል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱማ «ጌም ተጫውቶ ዲፕሎማ!» አለ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «ሰርኩቱን ሥለህ ካመጣህ ይፈቀዳል» ብለው ፈረሙልኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። የተሳካልኝን ብቻ ሳይሆን ያቃጠልኩትንም አቀርባለሁ፤ ያቃጠልኩት የራሴ ዕቃ አልነበረምና።

ከቃሊቲ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ ጌም ቤት የነበራቸው አንድ የሰፈራችን ሰው አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራውን የጀመሩት በሁለት ባለ ካሴት ጌሞች ሲሆን፣ በኋላ ፕሌይስቴሽን ዋን፣ ቀጥሎም ፕሌይስቴሽን ቱ ሲገቡ ካሴቶቹ አልጋ ሥር ተወረወሩ። እኔ ለጌም ስደርስ የካሴቱ ዘመን እያለቀ ነበር፤ ቢሆንም የፕሌይስቴሽኑ ወረፋ ሲበዛ ለእኛ ለትንንሾቹ ካሴቱን ይከፍቱልን ነበር። ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ፕሮጀክቱን ስነግራቸው አንደኛውን ጌም አቧራውን አራግፈው ሰጡኝ።

ስለ ዕቃው አመጣጥ ባጭሩ ልግለጽ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮም የተሰኘ የቤት ውስጥ ጌም ለገበያ አቀረበ። ፕሮሰሰሩ በ6502 ላይ የተመሠረተ ባለ ስምንት ቢት ነው። ብዙም ሳይቆይ በታይዋንና በቻይና ተመሳሳዮቹ በብዛት መሠራት ጀመሩ፤ በሩሲያ ዴንዲ፣ በፖላንድ ፔጋሰስ፣ በደቡብ አፍሪካ ጎልደን ቻይና እየተባሉ ተሸጡ። ወደ እኛ የመጡትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አንዳንዶቹማ ሽፋናቸው ፕሌይስቴሽን መስሎ ፖሊስቴሽን የሚል ስም ተጽፎባቸው፣ ሲከፈቱ ግን ክዳኑ ሥር ሲዲ ሳይሆን የካሴት ማስገቢያ የሚገኝባቸው ነበሩ። ኒንቴንዶ ዋናውን ፋሚኮም ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ መለዋወጫ ስላለቀበት ጥገናውንም በ2007 አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው እነዚህን ዕቃዎች ሊጠግን ቢነሳ መለዋወጫው ከሌላ የሞተ ዕቃ ላይ ነው የሚነቀለው። ለዚህ ደግሞ የእኛ ከተማ አይታማም፤ ቆራሌው በየሰፈሩ ይሰበስባል፣ ምናለሽ ተራ ይደረድራል።

ጋሼ የሰጡኝን ዕቃ በካቻቢቴ ስፈታው ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በመሐል አንድ ጥቁር ጠብታ አለ። ፕሮሰሰሩ፣ የምስሉ ቺፕ፣ ድምፁ፣ ሁሉም በዚያ ጠብታ ሥር በአንድ ሲሊከን ላይ ናቸው። ጠብታው ከሞተ የሚተካ ፒን የለውም። ይህን ባውቅም የዕቃው የራሱ አዳፕተር ስለጠፋ አንድ የዋይፋይ አዳፕተር አነሳሁ። 12 ቮልት ይላል፤ ሬጉሌተሩ 7805 ስለሆነ 12 ቮልት አይጎዳውም ብዬ ሰካሁት። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሽታ መጣ።

ጥፋቱ የቮልቴጁ መጠን አልነበረም። የዛሬ አዳፕተሮች አብዛኛዎቹ የመሐሉ ቀዳዳ ፖዘቲቭ፣ የውጪው ቀለበት ኔጋቲቭ ነው። ፋሚኮምና ብዙዎቹ ተከታዮቹ ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፤ መሐሉ ኔጋቲቭ ነው። በአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ክብና ነጥብ ያላት ትንሽ ሥዕል ይህንኑ ትናገራለች፤ እኔ አላየኋትም። ግቤቱ ሲገለበጥ 7805 አያግድም፤ በውስጡ ከውጪ ወደ ግቤት የሚወስድ የዳዮድ መንገድ ስላለ የ5 ቮልቱን መስመር ከዜሮ በታች ይጎትተዋል። ካፓሲተሩ አበጠ። ሬጉሌተሩን ቀይሬ 5 ቮልት አገኘሁ፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ጠብታው ሞቷል።

ለጋሼ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ምንም አላሉም። ገብተው ሁለተኛውን በፌስታል እንደተጠቀለለ አመጡና «ይኼኛው የልጄ ነበር፤ ልጄ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከተቃጠለ ሳትነግረኝ ጣለው» አሉኝ። ያን ዕለት ዕቃውን ወደ ዶርም አልወሰድኩትም። በማግሥቱ ቀጥታ ወደ ወርክሾፕ ይዤው ገባሁ፤ ሳልለካ ምንም ነገር ላልሰካም ወሰንኩ።

ሁለተኛው ዕቃ የቆየው ዓይነት ነው። በቦርዱ ላይ እያንዳንዳቸው አርባ ፒን ያላቸው ሁለት ትልልቅ ቺፖች አሉ፤ በላያቸው ላይ ዩኤ6527ፒ እና ዩኤ6538 ይላል። ዩኤምሲ የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሠራቸው ሲሆኑ የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩና ድምፁ፣ ሁለተኛው ምስሉ ነው። የራሱ አዳፕተርም አብሮት ነበር፤ ትራንስፎርመር ያለው ከባዱ ዓይነት። ላዩ ላይ 9 ቮልት ይላል። ያለ ጭነት በመልቲሜትር ስለካው 13.4 አገኘሁ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሬጉሌተር የሌለው አዳፕተር የተጻፈበትን ቮልት የሚሰጠው ሙሉ ጭነት ሲኖርበት ብቻ ነው። ጌሙን ሲሸከም 9.6 ሆነ፤ የሚስበው ከረንት 0.3 አምፔር ያህል ነው።

ማሪዮ መጣ! ነገር ግን በምስሉ ላይ ሁለት ጠቆር ያሉ አግድም ጥላዎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይሳቡ ነበር። ቲቪው ነው ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ቁጥሩን ጠየቅኩት፦ ሁለት ለምን? መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ በድልድይ ሬክቲፋየር ሲያልፍ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይወርዳል። ቲቪው በሰከንድ 50 ምስል ይሥላል። 100 ለ50 ሲካፈል ሁለት ነው፤ በእያንዳንዱ ምስል ሁለት ጥላ። የጌሙ የምስል ፍጥነት በትክክል ሲሰላ 50.007 ሲሆን የመብራቱ ደግሞ ትንሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥላዎቹ አንዳንዴ ወደ ላይ አንዳንዴ ወደ ታች ይሳባሉ። ስለዚህ ችግሩ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው። ከፍቼ ሳየው ደርቋል። በ2200 ማይክሮፋራድ ቀየርኩት፤ 0.3 አምፔር ለ100 ኸርዝና ለ0.0022 ፋራድ ሲካፈል የሞገዱ ቁመት 1.4 ቮልት ገደማ ይመጣል፤ ዝቅተኛው ነጥብ 7805 ከሚፈልገው 7 ቮልት በላይ ስለሚቀር ሬጉሌተሩ የቀረውን ያስተካክለዋል። ጥላዎቹ ጠፉ።

ደስታዬ አምስት ደቂቃ ነው የቆየው። ጌሙ ራሱን አጠፋ፤ ሲቀዘቅዝ ተነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። አንዱን ሳድን ሌላውን አምጥቻለሁ። አዲሱ ካፓሲተር የአዳፕተሩን ቮልት ከ9.6 ወደ 11.2 ከፍ አድርጎታል። 7805 ትርፉን ቮልት በሙቀት ነው የሚያባክነው፦ 11.2 ሲቀነስ 5፣ ሲባዛ በ0.3፣ 1.86 ዋት። ሂት ሲንክ የሌለው 7805 ለእያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ከክፍሉ ሙቀት በላይ 120 ዲግሪ ነው፤ በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሬጉሌተሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ከፋብሪካ ሲወጣ የብረት ሳህን ነበረው፤ የቡሎኑ ቀዳዳ አለ፣ ሳህኑ የለም። ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው አልመለሰውም። ከምናለሽ ተራ ከሞተ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ላይ የተነቀለ ሂት ሲንክ ገዝቼ ገጠምኩለት።

እግረ መንገዴን፦ እዚሁ አቃቂ ያረጁ ኮምፒዩተሮች የሚፈታቱበት ማዕከል ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከት ደንብም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ይህን የሚያውቅ ስንት እንደሆነ ጠይቄ ሁለት ሰው አገኘሁ።

ማሻሻያ ብዬ የምጠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፦ ከግቤቱ በኋላ፣ ከሬጉሌተሩ በፊት አራት 1ኤን4007 ዳዮዶች በድልድይ አሰርኩ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው መሐሉ ፖዘቲቭም ይሁን ኔጋቲቭ ያሻውን ዲሲ አዳፕተር ቢሰካ አምስቱ ቮልት አይገለበጥም። ድልድዩ 1.4 ቮልት ይበላል፤ የበላውም ሬጉሌተሩ ሊሸከመው ከነበረው ሙቀት ላይ ስለሆነ አልከፋኝም። ሁለተኛው የኤቪ መውጫ ነው። ጌሙ የሚያወጣው የአንቴና ሲግናል ብቻ ነበር። ምስሉን ወደ ቆርቆሮው ሞጁሌተር ከመግባቱ በፊት ወስጄ፣ ኢሚተር ፎሎወር በሆነ አንድ ትራንዚስተር አሳልፌ ለቲቪው 75 ኦህም እንዲመች አደረግሁት። ቻናል ፍለጋ ቀረ። ካሴቶቹን በተመለከተ ልጅ ሳለን እፍ እንል እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። የሚሠራው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መክተቱ ነው፤ የአፍ እርጥበት እንዲያውም መዳቡን ያዝገዋል። ላጲስና አልኮል በቂ ነው። የድሮ ቲቪ ያላችሁ ግን ቲቪውን እንዳትከፍቱ፤ በቱቦው ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

በጣም የወደድኩት ክፍል ሰዓቱ ነው። ፋሚኮም የተሠራው በሰከንድ 60 ምስል ለሚሥለው የጃፓን ቲቪ ነው። የእኛ ቲቪ በፓል ሥርዓት 625 መስመርና 50 ኸርዝ ነው። የጃፓኑ ጌም በአንድ ምስል 262 መስመር ይቆጥራል፣ ለ50 ኸርዝ 312 ያስፈልጋል። የተረፉት 50 መስመሮች የት ይግቡ? ጌሞቹ የተጻፉት ሥዕሉ አልቆ ቲቪው ወደ ላይ በሚመለስበት የ20 መስመር ጊዜ ውስጥ ሥራቸውን እንዲጨርሱ ተቆጥሮላቸው ነው። የታይዋኖቹ መሐንዲሶች 50ዎቹን መስመሮች ከሥዕሉ በኋላ፣ ፕሮሰሰሩ «ምስሉ አለቀ» የሚለውን ምልክት ከማግኘቱ በፊት ዝም ብለው እንዲያልፉ አደረጉ። ክሪስታሉ 26.601712 ሜጋኸርዝ ሆኖ ለ15 ሲካፈል ፕሮሰሰሩ 1.773 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ የጃፓኑ 1.790 ነው። ስለዚህ በጃፓን የተጻፈ ካሴት ሳይነካ እዚህ ይሠራል። የኒንቴንዶ የራሱ የአውሮፓ ዕቃ በ16 አካፍሎ 1.663 በመሆኑ አንዳንድ የጃፓን ካሴቶች ላይ ይንገዳገዳል። ኮራጆቹ ከባለቤቱ የተሻለ ሠርተዋል ብል አላጋነንኩም።

ዋጋው ፍጥነት ነው። በሱፐር ማሪዮ የመጀመሪያው መድረክ ላይ ሰዓቱ ከ400 ወደ ታች ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር 24 ምስል ይፈጃል። 400 በ24 ሲባዛ 9600 ምስል ነው። ጃፓን ውስጥ 160 ሰከንድ፣ እዚህ 192 ሰከንድ ሊሆን ይገባል። ማሪዮን መነሻው ላይ አቁሜ፣ ጊዜው አልቆ እስኪሞት በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ከ192 ግማሽ ሰከንድ እንኳ አልራቀም። ሙዚቃውም በምስል ስለሚቆጠር በዚያው ልክ ይዘገያል፤ የድምፁ ቅጥነት ግን የሚወርደው አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ጓደኛዬ ክሪስታሉን በጃፓኑ 21.477 ቀይረህ አፍጥነው አለኝ። አይሆንም፤ ቺፑ በ15 ማካፈሉን ስለማይተው ፕሮሰሰሩ ወደ 1.43 ይወርዳል፣ የፓል ቀለሙም ይጠፋል። ቢቻልም አላደርገውም ነበር። እኛ ቃሊቲ ያወቅነው ማሪዮ ቀርፋፋው ነው።

ዕቃውን የመለስኩ ቀን ጋሼ አዳፕተሩን ራሳቸው ሰኩ። ከዚያ እኔ ነቅዬ ያንን የመጀመሪያውን ያቃጠለውን የዋይፋይ አዳፕተር ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁት። ፊታቸው ተለወጠ፤ «ኧረ አንተ ልጅ!» ብለው ተነሱ። ማሪዮ ግን መጣ። ቁጭ ብለው ሦስት መድረክ አለፉና በስልካቸው ቪዲዮ ቀድቼ ለልጃቸው እንድልክላቸው ጠየቁኝ፤ ላክሁ።

የቀረኝ የሁለተኛው ተጫዋች መጫወቻ ነው። ከአምስቱ ሽቦዎች፣ ማለትም ከ5 ቮልት፣ ከግራውንድ፣ ከክሎክ፣ ከላችና ከዳታ ውስጥ ላቹ ተቆርጦ አገኘሁት፤ ገመዱ መግቢያው ላይ ስለተቀጠፈ ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ተመሳሳይ ገመድ እስካገኝ ድረስ ጋሼ ብቻቸውን ይጫወታሉ።